ከለገጣፎ ሆናችሁ ቶኬላውኛ መጀመር ካማራችሁ

መጀመሪያ አገሩን እንወቀው። ቶኬላው ማለት አታፉ፣ ኑኩኖኑና ፋካኦፎ የሚባሉ ሦስት ደሴቶች ናቸው። ፓስፊክ መሀል፣ በኒውዚላንድ ሥር ያሉ፣ ሕዝባቸው 1,500 ገደማ፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሌላቸው። ከሳሞአ በመርከብ ከአንድ ቀን በላይ ያስኬዳል። በ1966 እ.ኤ.አ. ከባድ ማዕበል ከመታቸው በኋላ ብዙዎቹ ወደ ኒውዚላንድ ተሻገሩ፤ ዛሬ እዚያ ያሉት ከአገር ቤቶቹ በብዙ ይበልጣሉ፣ ልጆቻቸው ግን በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ደስ ስለሚል ነው፣ በቃ።

ከቃላት ዝርዝር አትጀምሩ። ከፋቴሌ ጀምሩ። ፋቴሌ የቡድን ዘፈንና ጭፈራ ነው፤ ግጥሙ አጭር ነው፣ ቀስ ብሎ ይነሳና ያንኑ እየደጋገሙ፣ ፖኪሂ የሚሉትን የእንጨት ሳጥን እየደበደቡ፣ እየፈጠኑ እየፈጠኑ ይሄዳሉ። ማኅሌት የቆመ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ወረቡ ወደ ጽፋት ሲገባ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር ያመለጣችሁን ቃል በሦስተኛው ትይዙታላችሁ። የማታ ጥቅል ገዝታችሁ ጥቂት ቪዲዮ አውርዱ፣ መብራት ሲሄድም (መሄዱ አይቀርም) ስልካችሁ ላይ አለ። በእኛ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ ኒውዚላንድ ውስጥ የቶኬላው ቋንቋ ሳምንት ስለሚከበር ያኔ ብዙ ነገር ይለቀቃል።

የሰማችሁትን በፊደል ጻፉት። የእኛ ፊደል ይመቸዋል፣ ምክንያቱም ቃሎቻቸው ሁሉ በአናባቢ ነው የሚያልቁት። ቤት «ፋሌ» ነው፣ ግን ፋው ወደ «ኋ» ያደላል፤ «ኋላ» ስትሉ እንደሚወጣው። በላቲን «ጂ» ብለው የሚጽፉት ደግሞ «ባንክ» ውስጥ ያለው ን ነው። ቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ምላስ ያስቸግራል፣ ታገሉት።

አንድ ወጥመድ አለ። ሚስዮናውያኑ የሳሞአ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ስለገቡ የቤተ ክርስቲያኑ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ሳሞአኛ ነበር፣ ስለዚህ ሁለቱ ይቀላቀሉባችኋል። መለያው ቀላል ነው። ዓሣን «ኢካ» ካሉ ቶኬላውኛ ነው፤ የ«ክ» ድምፅ ጠፍቶ «ኢ-አ» ብለው ከቆረጡት ሳሞአኛ ነው።

ሰዋስው ላይ «እኛ»ን ብቻ ያዙ፣ ሌላው ይደርሳል። አራት ነው። እኔና አንተ «ታኡአ»፣ እኔና ሌላ ሰው ያለ አንተ «ማኡአ»፣ ሁላችንም ከእናንተ ጋር «ታቶኡ»፣ እናንተ የሌላችሁበት «ማቶኡ»። ግቢ ውስጥ ተለማመዱት። ለአከራያችሁ «ውሃ ጠፋብን» ስትሏቸው የእሳቸው ሮቶ ሙሉ ከሆነ ማቶኡ ነው፤ የእሳቸውም ከደረቀ ታቶኡ።

ትንሽ ስትለምዱ ከቪዲዮው ሥር «ማሎ ኒ» ብላችሁ ሰላምታ ጻፉ። የሰው ቤተሰብ ዘፈን መልሳችሁ ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ባለቤቱን ጠይቁ፣ እሺ ካሏችሁ «ፋካፌታይ» ብላችሁ አመስግኑ።