ጨጓራዋን ኦፕራሲዮን ያደረገች ሴት ቤት ውስጥ ካለች

ክብደት ለመቀነስ ኦፕራሲዮን ያደረገችው እህታችሁ ወይም ሚስታችሁ ብትሆንም፣ እነዚህን ስህተቶች በአብዛኛው የምንሠራው እኛ ቤተሰቦቿ ነን። ያውም ከፍቅር።

«በሞቴ!» ብሎ ማጉረስ። ስሊቭ በሚባለው ኦፕራሲዮን ከጨጓራዋ 75 እስከ 80 በመቶው ተቆርጦ ወጥቷል። እናት ጠቅልለው ያጎረሷት ትልቅ ጉርሻ በደንብ ሳይላመጥ ከወረደ ደረቷ ላይ ይይዛታል። ምራቅ አፏን ይሞላል፣ ከማዕድ ተነስታ ትሮጣለች፣ ታስመልሳለች። ከዚያ «እጄን ተጸየፈች» ተብሎ ቅያሜ ይመጣል። እባካችሁ በራሷ እጅ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቀስ ብላ ትብላ። ውሃም ከምግብ ጋር አትስጧት፤ ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ትቆይ።

«ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነው?» እኛ ዘንድ መክሳት ወዲያው ከበሽታ ጋር ይያያዛል። እንግዳ ሲጠይቅ «ደህና ናት፣ ሐኪም እየተከታተላት ነው» በሉላት። ስለ ኦፕራሲዮኑ መናገር አለመናገር የእሷ ውሳኔ ነው።

«ከዳንሽ በኋላ ኪኒኑ ምን ያደርጋል?» በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቫይታሚንና ማዕድናት ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው፤ በተለይ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ። ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ሰውነት ያከማቸው ቢ12 እስኪያልቅ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያ እግር መደንዘዝ፣ ድካም፣ መርሳት ይመጣል። ስለዚህ ውጭ አገር ታክማ ብትመለስም በየዓመቱ ደሟ ይመርመር። ትውከት ከደጋገማት ግን ቫይታሚን ቢ1 በሳምንታት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ግራ ከተጋባች፣ ከተንገዳገደች ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያት በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት።

ሳያማክሩ መጾም። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋታል። በዚያች ጠባብ ጨጓራ ይህን ከሽሮና ከምስር ብቻ ማግኘት ከባድ ነው። ሐኪሟንም የንስሐ አባቷንም አስቀድማ ታናግር።

ትዳሩን መዘንጋት። ስዊድን ውስጥ ተጠንቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ውጤት፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባለትዳሮች ዘንድ መለያየት ከፍ ማለቱን፣ ነጠላ የነበሩት ደግሞ በብዛት አጋር ማግኘታቸውን አሳይቷል። አለባበሷም ስሜቷም ሲለወጥ ባል ውስጡ ሊፈራ ይችላል። ፍርሃቱን «ለማን ነው የምትዘንጪው?» በሚል ነገር ከሚያወጣው፣ ቁጭ ብሎ ይንገራት።

«ልጅስ መቼ ነው?» እያሉ ማጣደፍ። ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት ይመከራል። ክብደት ሲቀንስ ግን ማርገዝ ይቀላል። ባይፓስ የሚባለው ሌላው ኦፕራሲዮን (ጨጓራን አሳንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኘው) ከተሠራላት ደግሞ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ በደንብ ላይሠራ ስለሚችል፣ ስለ ሌላ አማራጭ ባልና ሚስት አብረው ሐኪሟን ይጠይቁ።