ከመስታወት ጋር የተጣበቀውን የናርጊስ ፎቶ እንዴት አላቀቅኩት

ደሴ፣ አክስቴ ሳሎን ውስጥ የህንዷ የፊልም ኮከብ የናርጊስ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተሰቅሎ ኖሯል። የክረምቱ ጉምና እርጥበት ፍሬሙ ውስጥ ገብቶ ፊቷን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆታል፤ ጉንጯ ላይ እርጥብ የሚመስል የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ወጥቶበታል።

በቢላ መላጥ ፈጽሞ አይሞከርም። የእንዲህ ዓይነት ፎቶ ምስል ጄላቲን በሚባል ስስ ሽፋን ውስጥ ያለ የብር ቅንጣት ነው። ጄላቲን ሲረጥብ ይለጠፋል፣ በደረቁ ሲጎተት ምስሉን ይዞ ይላጣል። ውሃ ሲጠግብ ግን አብጦ ይለቃል።

መጀመሪያ ከነመስታወቱ በስልክ አነሳሁት፤ ነጸብራቅ እንዳይኖር ከኋላዬ ጥቁር ጨርቅ ዘረጋሁ። በቀለም የተጻፈ ፊርማና ሻጋታ እንደሌለውም አየሁ። ሻጋታ የበላው ጄላቲን ውሃ ውስጥ ሊሟሟ ይችላል።

ከዚያ ጎድጓዳ ትሪ ላይ ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ሞልቼ፣ መስታወቱን ወደ ታች አድርጌ አጋደምኩት። አክስቴ «አደራ፣ መልኳን!» ትላለች፣ እኔ «አብሽሪ» እላለሁ። ጠርዙ በራሱ መነሳት ጀመረ። ሽፋሽፍቷ ጋ ሲደርስ ያዘ፤ አልጎተትኩም፣ ጠበቅኩ። ለቀቀ።

ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ የጥጥ ጨርቅ ላይ አደረቅኩት። እርጥብ ጄላቲን የጣት አሻራ ስለሚይዝ በጠርዙ ብቻ ነው የሚያዘው። መልሼ ስሰቅለው ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካ መሃል ላይ የካርቶን ክፈፍ አስገባሁ። ጥቁሩ ጠርዝ ላይ ያለው ሰማያዊ የብር ነጸብራቅ ከዕድሜ የመጣ ነው፤ እንዳለ ተውኩት። የቀድሞው ግድግዳ ዝናብ ስለሚመታው ቦታውንም ቀይሬዋለሁ።