መስማት የተሳናቸውን ሕይወት የሚያሳይ ፊልም በሰፈር እንዴት እናሳይ?

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ዲኤስቲቪ ቤት አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ኳስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ጨዋታ ስለሌለ ቤቱን ለፊልም እንጠቀምበታለን። ከሚመጡት ብዙዎቹ መስማት የተሳናቸው ናቸው። ነገሩን ያስጀመረችውም እህቴ ናት። መናኸሪያ አጠገብ ልብስ ትሰፋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አትሰማም። እናንተም በሰፈራችሁ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤተክርስቲያን አዳራሽ እንዲህ ያለ ዝግጅት ካሰባችሁ፣ እኛ የምንሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ።

እኛ አገር ሰው የውጭ ፊልም የለመደው በትርጉም ነው። ተራኪው ከላይ ከላይ እያወራ ያስረዳል። የቱርኩም ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይመጣል። ለሚሰማ ሰው ግሩም ነው። እህቴ ግን ከዚህ ሁሉ የምታገኘው የሚንቀሳቀስ አፍ ብቻ ነው። ስለ እነሱ የተሠራ ፊልም አምጥቶ በድምፅ ማስተርጎም ሙሽራዋን ከሠርጓ እንደ ማስወጣት ነው። ስለዚህ ወንበር ሳስቀምጥም፣ መብራት ሳጠፋም፣ ፊልም ስመርጥም የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እሷ ከተቀመጠችበት ምን ይታያል?

ፊልሙን መምረጥ

በረጅም ፊልም አትጀምሩ። እኛ የምንከፍተው በቻርሊ ቻፕሊን አጭር ፊልም ነው። ድምፅ አልባ ስለሆነ የሚሰማውም የማይሰማውም እኩል ይስቃል፣ ያውም አንድ ላይ። በነገራችን ላይ ቻፕሊን ግራንቪል ሬድመንድ የሚባል መስማት የተሳነው ሠዓሊ ወዳጅ ነበረው። ፊልሞቹ ላይም አሠርቶታል። እ.ኤ.አ. በ1931 በወጣው «ሲቲ ላይትስ» ላይ ቀራፂውን ሆኖ የሚታየው እሱ ነው።

ልጃቸው የማይሰማ ወላጆች የሚመጡ ከሆነ «ዘ ሳይለንት ቻይልድ»ን አስቀድሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የእንግሊዝ ፊልም ነው፤ 20 ደቂቃ ብቻ። በ2018 በአጭር ፊልም ዘርፍ ኦስካር ወስዷል። ሊቢ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ቤተሰቧ መሀል ተቀምጣ ማንም አያናግራትም። አንዲት ሶሻል ዎርከር መጥታ ምልክት ቋንቋ ስታስተምራት ልጅቷ ሌላ ሰው ትሆናለች። እናትየው ግን ከንፈር እንድታነብ ነው የምትፈልገው። ሊቢን ሆና የሠራችው ሜይዚ ስላይ ራሷ መስማት የተሳናት ናት። እኛ ጋ ከዚህ ፊልም በኋላ መጀመሪያ ወሬ የሚያነሱት አባቶች ናቸው። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐዋሳ ላይ በጣም የሚሄደው ግን «ኮዳ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቶ በ2022ቱ ኦስካር የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተባለ። በግሎስተር፣ ማሳቹሴትስ የሚኖር የዓሣ አጥማጆች ቤተሰብ ነው። አባት፣ እናትና ወንድም አይሰሙም። የምትሰማው ሩቢ ብቻ ናት። ዓሣው ሲሸጥ ዋጋ ትከራከርላቸዋለች፣ ሐኪም ጋ ታስተረጉማለች። አሞራ ገደል ዓሣ ሲሸጥ ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሐኪም ቤቱ ትዕይንት ግን የባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ከአባባና ከእማማ ጋር የምታዩ ከሆነ አስቀድማችሁ እወቁት።

አባትየውን ሆኖ የሠራው ትሮይ ኮትሰር በዚህ ፊልም ኦስካር ሲወስድ፣ በትወና ያሸነፈ የመጀመሪያው መስማት የተሳነው ወንድ ሆነ። ከሴቶች ቀድማ የወሰደችው ማርሊ ማትሊን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው «ችልድረን ኦፍ ኤ ሌሰር ጎድ»። «ኮዳ» ላይ ሚስቱን ሆና የምትሠራው እሷው ናት። የሽልማቱን ቪዲዮ ፈልጋችሁ ከፊልሙ በፊት አሳዩ። ኮትሰር መድረክ ሲወጣ አዳራሹ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ያወዛውዛል። ጭብጨባቸው ያ ነው። ሽልማቱን የሰጠችው ኮሪያዊት ተዋናይት ዩን ዩ ጁንግ ደግሞ ሐውልቱን መልሳ ትይዝለታለች፣ በሁለት እጁ እንዲናገር። አዲስ የመጣ ሰው እንዴት እንደሚጨበጨብ ከዚያው ይማራል።

እህቴ «ኮዳ»ን ትወደዋለች፤ አንድ ነገር ግን ያናድዳታል። «ያለ ልጅቷ ምንም የማይችሉ ይመስላሉ» ትላለች። «እኔ ገበያ ብቻዬን ነው የምሄደው። ዋጋውን ስልኬ ላይ ጽፌ እከራከራለሁ።» እዚያ አሜሪካም መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ተመሳሳይ ቅሬታ አንስተዋል። ይህን ለውይይቱ ያዙት፤ ሰው የሚሟሟቀው እዚህ ላይ ነው።

የህንድ ፊልም ወዳጅ ከበዛ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው «ካሞሺ» አለላችሁ። እዚያም መስማት የተሳናቸው ወላጆችና ዘፋኝ ልጃቸው ናቸው። ወላጆቹን የሠሩት ናና ፓቴካርና ሲማ ቢስዋስ ግን የሚሰሙ ተዋናዮች ናቸው። ለኳስ ልጆች «ኦዲብል» የሚባል 40 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ዘጋቢ ፊልም ይሆናል። የሜሪላንድ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ቡድን ነው። ኳሱ በእጅ የሚያዘው የአሜሪካኖቹ ነው፣ ቻሉት።

«ዘ ትራይብ»ን ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የዩክሬን ፊልም ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በምልክት ቋንቋ፣ ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ትርጉም። የሚሰማው ሰው ለአንዴም ቢሆን ግራ መጋባቱ ደስ ይለኛል። ሆኖም ወሲቡና ጭካኔው ከባድ ነው። እኔ ቤት አላሳየውም።

አንድ ነገር ለሚሰሙት ቀድማችሁ ንገሩ። ምልክት ቋንቋ በዓለም አንድ አይደለም። ወደ እኛ ትምህርት ቤቶች በአሜሪካ ሚሲዮናውያን በኩል የአሜሪካኖቹ ምልክት ስለገባ፣ እህቴ «ኮዳ» ላይ አንዳንዱን ትይዛለች። የእንግሊዞቹ ግን ፊደሉን ራሱ በሁለት እጅ ነው የሚጽፉት፤ ለእሷ ባዕድ ነው። የኛው ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። የእጁ ቅርፅ «በ»ን ይነግራችኋል፣ እንቅስቃሴው ቡ፣ ቢ፣ ባ እያለ እስከ ሰባተኛው ይወስዳችኋል። ስለዚህ ፊልሙ በምልክት ስለሆነ ብቻ «እነሱ ይገባቸዋል» ብላችሁ ጽሑፉን እንዳትተዉት።

ጽሑፉን ማዘጋጀት

ብዙ ሥራ የሚበላው እዚህ ነው። የእንግሊዝኛውን የትርጉም ጽሑፍ ፋይል አግኙ፤ መጨረሻው ኤስአርቲ የሚል ነው። በኖትፓድ ይከፈታል። ሰዓቱን የሚያሳዩትን ቁጥሮች አትንኩ። ከሥራቸው ያለውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አጥፍታችሁ በአማርኛ ተኩት። ስታስቀምጡ «ኢንኮዲንግ» የሚለው ላይ ዩቲኤፍ 8 ምረጡ፤ አለዚያ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የፋይሉ ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ። ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ራሱ ያገናኛቸዋል። ቅንብሩ ውስጥ ፎንቱን ኒያላ ወይም ኤብሪማ አድርጉት፣ መጠኑንም ከፍ። ጽሑፉ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ጂ እና ኤች ቁልፎች ያስተካክሉታል።

ከሁለት መስመር አይብለጥ። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ቋንቋቸው ምልክት ነው፤ አማርኛው ሁለተኛ ነው። አጭር አድርጉት እንጂ ነገሩን አታድበስብሱ። ቀልዱንም፣ ስድቡንም ጻፉት። ድምፁንም ጻፉ፦ «በር ይንኳኳል»፣ «ሕፃን ያለቅሳል»። «ሙዚቃ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። እህቴ «የምን ሙዚቃ? የሠርግ ነው የለቅሶ?» ብላ ታፋጥጠኛለች፤ እውነቷን ነው።

ተናጋሪው እጁን ደረቱ ላይ ሲያንቀሳቅስ ጽሑፉ እጁ ላይ እንዳያርፍ ቀድማችሁ እዩት። እዚያ ቦታ ላይ ጽሑፉን ወደ ላይ አውጡት።

ቤቱን ማሰናዳት

ሸራውን ስቀሉት። የታችኛው ጠርዝ ከተቀመጠ ሰው ጭንቅላት በላይ ይሁን። ኳስ ሲሆን ታች ያለው ትንሽ ቢሸፈን ማንም አይሞትም። እዚህ ግን ጽሑፉ ያለው ታች ነው። የፊት ወንበሮች ለማይሰሙት ይያዙ። አግዳሚዎቹን በመጠኑ ጎበጥ አድርጋችሁ ደርድሩ፣ ሰው ጎረቤቱን ማየት እንዲችል። ዉፈር ካላችሁ የእንጨቱ አግዳሚ ሥር አስቀምጡት። «ሳውንድ ኦፍ ሜታል»ን ስናሳይ፣ መስማት ስላቃተው ከበሮ መቺ ነው፣ ምቱ በእንጨቱ በኩል ወደ ወገባቸው ሲመጣ ሁሉም ወንበሩን በመዳፉ ያዘው።

ሙሉ ጨለማ አይሁን። በፊልም መሀል መንሾካሾክ የሰው ልጅ ልማድ ነው፤ እነሱ የሚንሾካሾኩት በእጅ ነው፣ እጅ ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። በጎን ግድግዳ ላይ አንዲት ደብዘዝ ያለች አምፖል ትበቃለች።

መብራት ይጠፋል፤ ይህ ሐዋሳ ነው። የምንሰማው በጨለማ «ኧረ ጄኔሬተሩን!» እያልን እንጫጫለን። እነሱ ግን መብራት ሲጠፋ ወሬውም አብሮ ይቋረጣል፤ ምን እንደተፈጠረ የሚነግራቸው የለም። ቻርጅ የተደረገ መብራት በር አጠገብ ይኑር። መጀመሪያ እሱን አብሩ፣ ጄኔሬተሩ ይቆይ። የጄኔሬተሩ ጩኸት የሚረብሸው እኛን ብቻ ነው፤ እህቴ በዚህ ትሾፍብናለች።

አስተርጓሚና ውይይት

አስተርጓሚ ከሌለ ውይይት አይኑር። የልዩ ፍላጎት መምህራንን ጠይቁ። በምልክት የሚያገለግሉ ቤተክርስቲያኖችም አሉ። ከተቻለ ሁለት ይሁኑ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል እየሠሩ ይቀያየሩ፤ እጅም አእምሮም ይደክማል። ልብሳቸው አንድ ቀለም፣ ጥለት የሌለው ይሁን። ፊታቸው ላይ ብርሃን ይኑር። ክፈሏቸው። «ለበረከት» እየተባለ የተለመነ ሰው ሁለተኛ አይመጣም።

መጀመሪያ የሚናገሩት የማይሰሙት ይሁኑ። ስትጠይቁ ዓይናችሁ ሰውየው ላይ ይሁን፣ አስተርጓሚው ላይ አይደለም። «ምን አለ በለው» አትበሉ። አንድ ሰው ብቻ በአንድ ጊዜ ይናገር፤ ይህ ለእኛ አበሻ ከባዱ ሕግ ነው። ሁሉም ወደ መድረኩ እንዲያይ ስትፈልጉ መብራቱን አንዴ ብልጭ አድርጉ፤ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ትከሻውን ነካ።

ለሕዝብ ስታሳዩ የፊልሙን ባለመብት ፈቃድ ጠይቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቀልድ አይደለም።

ጥሪውን በድምፅ አታስተላልፉ። እኛ መስማት የተሳነው ሰው በምልክት የሚጋብዝበትን ግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ቀርፀን በቴሌግራም እንበትናለን። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ከሥሩ ይጻፋል። ሰዓቱን «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብላችሁ ግልጽ አድርጉት። በዓመት አንዴ ትልቅ ዝግጅት ካማራችሁ ደግሞ የዓለም የምልክት ቋንቋዎች ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ነው፤ በ1951 የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን የተመሠረተበት ቀን። በእኛ መስከረም 13 አካባቢ፣ ልክ ከመስቀል በፊት ይውላል። በዚያ ሳምንት አስተርጓሚ በየፊናው ይጠራል። ነሐሴ ላይ ያዟቸው።