ፈጥነው የሚሽከረከሩ ኒውክለሶችን ስታጠኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ አክሰለሬተር፣ ማለትም ኒውክለሶችን (የአቶም እምብርቶችን) አፍጥኖ የሚያጋጭ ማሽን፣ የለንም። ያለን ላፕቶፕ፣ ውጭ አገር የተለካ ዳታና የፒያሳ ማኪያቶ ነው። ለመሳሳት ግን ይህም ይበቃል፤ ከራሴ አውቀዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ኒውክለሶች በኃይል ሲጋጩ አንዳንዴ ይዋሃዱና በጣም የሚሽከረከር አዲስ ኒውክለስ ይፈጠራል። መጀመሪያ ጥቂት ኒውትሮን ይተፋል። ከዚያ በየደረጃው ጋማ ጨረር እየለቀቀ ሽክርክሪቱን ይቀንሳል። እኛ ጋ የሚደርሰው ይሄ ጨረር ነው።

ኒውክለስን እንደ ድንጋይ ኳስ ማሰብ። ፍጹም ክብ የሆነ ኒውክለስ በኳንተም ሕግ እንደ አንድ አካል ዞረ አይባልም፤ ቢዞርም ባይዞርም ያው ነውና። የሚዞረው ሞላላው ነው። ውስጡም ጠጣር አይደለም። ጥሬና የተቀቀለ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ አሽከርክሩ። የተቀቀለው ቀጥ ብሎ ይዞራል፣ ጥሬው ይንገዳገዳል፤ ውስጡ አብሮት አይዞርማ። ኒውክለስ የሁለቱ መሃል ነው። ፕሮቶኖቹም ኒውትሮኖቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚሄዱ፣ ቀስ ብሎ ሲዞር ጥሬውን ይመስላል።

ፒኮችን (የጋማ ጨረሮቹ ግራፉ ላይ የሚያሳዩትን ሹል ጉብታዎች) በጉልበታቸው ቅደም ተከተል መደርደር። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። ስፒን (የሽክርክሪቱ መጠን) ሲጨምር የጋማው ጉልበትም ይጨምራል ተብለን ተምረናል። እስኪ ኤርቢየም-158ን ከታች ወደ ላይ እንውጣ፦ በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) 192፣ 335፣ 443፣ 523፣ 579፣ 608 ገደማ። ደስ ይላል። ቀጥሎ ወደ 650 የሚጠጋ ጠብቄ ነበር። የሚመጣው ግን 510 ነው፣ ከዚያ 473፣ ከዚያ እንደገና ወደ 566 ይወጣል።

ይባስ ብሎ ያ 510 የተቀመጠው ከ511 አጠገብ ነው። 511 ደግሞ ፖዚትሮንና ኤሌክትሮን ሲጠፋፉ የሚወጣ፣ የትም የማይጠፋ ፒክ ነው። እኔም «ይሄማ ቆሻሻ ነው» ብዬ ሰረዝኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ መሰላሌ፣ ማለትም ጋማዎቹን በየደረጃቸው የደረደርኩበት ሰንጠረዥ፣ አንድ እርከን ጎድሎት ነበር።

ይህ ወደ ኋላ መታጠፍ እ.ኤ.አ. በ1971 ስቶክሆልም ውስጥ ሲታይ ብዙዎችን አስገርሟል። ምክንያቱ የኮሪዮሊስ ኃይል ነው፤ በሚሽከረከር ነገር ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ወደ ጎን የሚገፋው ማለት ነው። ሽክርክሪቱ ሲፈጥን አንዱን ጥንድ ያለያይና ሁለቱንም ወደ መሽከርከሪያው ዘንግ ያዞራቸዋል። እነሱ ስፒኑን ሲሸከሙለት ቀሪው አካል ዝግ ይላል፣ ጋማውም ያንሳል።

ታዲያ በምን እንደርድር? በአንድ ቅጽበት አብረው በተያዙት ጨረሮች። 192ን ያዙና ከእሱ ጋር የመጡትን ብቻ አውጡ። ከዚያ ድምቀታቸውን አወዳድሩ፤ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር እየደበዘዙ ይሄዳሉ።

ኒውክለሱ እየበረረ መሆኑን መርሳት። ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ሲመጣባችሁ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያልፍ ይወፍራል። የጋማውም ነገር እንዲሁ ነው። ኒውክለሱ የብርሃንን ፍጥነት ሁለት በመቶ ገደማ ይዞ ሊበር ይችላል፤ ፊት ለፊት ያለው ዲቴክተር ከፍ አድርጎ፣ ከኋላ ያለው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ለየማዕዘኑ ሳታርሙ ከደመራችሁት ቀጭኑ ፒክ ጉብታ ይሆናል።

ካሊብሬሽንንም (ዲቴክተሩን ጉልበታቸው በታወቀ ጋማዎች ማስተካከልን) በኮባልት-60 ሁለት መስመሮች ብቻ አትጨርሱት። ሁለቱም ከ1100 በላይ ናቸው፣ ስለ 192 ምንም አይነግሯችሁም። ዩሮፒየም-152 ከ122 እስከ 1408 ድረስ ያዳርሳል። 1461 ላይ ፒክ ካያችሁ ደግሞ አዲስ ግኝት ብላችሁ አትደውሉ፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ፖታሲየም ነው።

ያልተረጋገጠ ስፒን እንደተረጋገጠ መጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1986 እንግሊዝ አገር፣ ዳርስበሪ፣ በዲስፕሮሲየም-152 ውስጥ 19 ፒኮች በ47 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ እየተራራቁ ተሰልፈው ታዩ፤ ኒውክለሱ ርዝመቱ የወርዱን እጥፍ ያህል ሆኖ ነበር። ሆኖም ያንን መሰላል ከታችኛው፣ ከተለመደው መሰላል ጋር የሚያገናኘው ጋማ እስከ 2002 ድረስ አልተገኘም ነበር። እስከዚያ ስፒኑ ግምት ነበር። በዚህ ሙያ ግምት የሚጻፈው በቅንፍ ውስጥ ነው። ቴሲሳችሁ ላይም ቅንፏን አትርሷት፤ ፈታኞች መጀመሪያ የሚያዩት እሷን ነው።