ድንኳን ከመግዛት በፊት፦ በጎጃም ለመጀመሪያ የቤተሰብ አዳር መሰናዳት

ልጆችን ይዞ ደጅ ለማደር ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የድንኳን ዋጋ ነው። ጎጃም ውስጥ ግን ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው የማደሪያው ከፍታ ነው። ከደጀን ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው የዓባይ በረሃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ጣና ዳር 1,800፣ እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ሐይቅ 2,500 አካባቢ ሲሆን የጮቄ ተራራ ራስ ደግሞ 4,000 ሜትርን ያልፋል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ባሕር ዳር ላይ በአንድ ጋቢ የሚታደርበት የታኅሣሥ ሌሊት ጮቄ ላይ በሳህን የቀረ ውሃ ያረጋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በተለይ ሕፃናት ካሉ፣ ከ2,000 እስከ 2,500 ሜትር ያለውን ወይና ደጋ ምረጡ፤ የዳንግላ፣ የእንጅባራና የደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለዚህ ይመቻል። ከ2,000 ሜትር በታች ወባ ያሰጋል። ጣና ዳርና ጢስ ዓባይ የሚያድር ቤተሰብ የመረቡ ዚፕ እስከ ጥግ የሚዘጋ ድንኳን ሊኖረው፣ ከምሽት ጀምሮም ልጆቹን እጅጌና ሱሪያቸው ረጅም ልብስ ሊያለብስ ይገባል። ጮቄን ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ጉዞ አቆዩት፤ የተራራው ተክሎች ጅብራውና ጓሳው የትም አይሄዱም።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ክረምቱ መስከረም ላይ ወጣ ቢባልም ጥቅምት ያልታሰበ ዝናብ ያመጣል፤ መሬቱም ገና ውሃ እንደቋጠረ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ያድራል። ጥራቱ ግን ብርዱንም ያከብደዋል፤ ደመና በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ቶሎ ትለቃለችና። የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም እዚያው ከሚኖር ሰው በስልክ ጠይቁ፤ በምትነሱበት ጠዋትም ድገሙት። ጥርጣሬ ካለ ድንኳኑን ግቢያችሁ ውስጥ ተክላችሁ እደሩ። የልጆቹ ደስታ በዚህ አይቀንስም፤ የጎደለውም ነገር ከቤት ይመጣል።

ድንኳኑ

የዕድር ድንኳን ሲተከል ያገዘ ሰው ምሰሶ፣ አውታርና ካስማ ምን እንደሚሠሩ ያውቃል። የካምፕ ድንኳንም የሚቆመው በእነዚሁ ነው። ልዩነቱ ድርብ መሆኑ ላይ ነው፤ ውስጠኛው ከፊሉ መረብ የሆነ ስስ ጨርቅ ሲሆን ላይኛው ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ነው። ሲገዙ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው፤ በሁለቱ መካከልም ቢያንስ የአራት ጣት ክፍተት ይኑር። አራት ሰው በአንድ ሌሊት ከትንፋሹና ከላቡ ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። ይህ እርጥበት ቀዝቃዛውን ሽፋን ሲነካ ጠብታ ይሆናል። ድንኳኑ ድርብ ከሆነ ጠብታው በላይኛው ሽፋን የውስጥ ፊት ተንሸራቶ መሬት ይወርዳል፤ ነጠላ ከሆነ የተኛው ሰው ላይ ይወርዳል። ጠዋት ጋቢያቸው ረጥቦ የሚነሱ ሰዎች ድንኳኑ ያፈሰሰ ይመስላቸዋል፤ ውሃው ግን የገዛ ትንፋሻቸው ነው። መፍትሔው ብርድም ቢሆን የላይኛውን የአየር መውጫ አለመዝጋት ነው።

በማሸጊያው ላይ «ለ4 ሰው» የሚለውን በቁሙ አትውሰዱት። ስሌቱ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲሜትር ያህል ወርድ ይዞ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ ያለ አንዳች ዕቃ ነው። ለአባት፣ ለእናትና ለሦስት ልጆች የ6 ሰው፣ አያት ካሉበት የ8 ሰው ግዙ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በሻጩ የተነገራችሁን ወለል፣ ለምሳሌ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ሳሎን ውስጥ በገመድ አስምሩና ፍራሹን አንጥፋችሁ ሁላችሁም ተኙበት። ሻንጣው የት እንደሚቀመጥ ያኔ ይገባችኋል።

በመለያው ላይ በሚሊሜትር የሚጻፍ ቁጥር አለ። ጨርቁ ያን ያህል ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ቢቆምበት አያሳልፍም ማለት ነው። ለላይኛው ሽፋን 1,500 ለበጋ ይበቃል፤ 2,000 ካገኛችሁ ይሻላል። ወለሉ የሰው ክብደት ስለሚጫነው 3,000 ይሁን። የወለሉ ጠርዝም እንደ ሳፋ ዙሪያውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ይሁን፤ ስፌቱ መሬት ላይ ያረፈ ወለል ውሃ የሚያስገባው በዚያው ነው።

ዘንጎቹ ከአሉሚኒየም ወይም ከፋይበርግላስ ይሠራሉ። አሉሚኒየም ይጎብጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ፋይበርግላስ ይረክሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ግን መጋጠሚያው እስከ መጨረሻ ሳይገባ ሲወጠር ነው። ስለዚህ ልጆች ሲያግዙ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጃችሁ ዳስሱ። ከዘንጉ ጥቂት የሰፋ 15 ሳንቲሜትር የብረት ቱቦና ጠንካራ ፕላስተር ያዙ፤ የተሰነጠቀውን ቦታ በቱቦው አልብሳችሁ ሁለቱን ጫፍ ስትጠቀልሉ ሌሊቱን ያሳድራል።

አብሮት የሚመጣው ካስማ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ሽቦ ነው። በበጋ የደረቀ ቀይ አፈር ያጎብጠዋል፤ በተሰነጣጠቀ መረሬ ጥቁር አፈር ውስጥ ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ሳይይዝ ይወጣል። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ባለ 8 ሚሊሜትር ፌሮ ብረት በ35 ሳንቲሜትር 12 ቦታ አስቆርጡ፤ ከላይ 5 ሳንቲሜትሩን አስቆልምሙ፣ ጫፉን አሹሉት። በጠቅላላው 4 ሜትር ከ20 ብረት ይፈጃል፤ ክብደቱም 1 ኪሎ ተኩል እልፍ ቢል ነው። ካስማው ሲመታ ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘንብል እንጂ ወደ ድንኳኑ አይደፋ፤ ወደ ድንኳኑ ከደፋ አውታሩ ራሱ ይነቅለዋል። ልጅ እንዳይደናቀፍበት በየአውታሩ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩ።

ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግቢ ውስጥ ተክላችሁ ሞክሩት። በጎማ ወይም በአትክልት ማጠጫ ጣሪያውንና ጎኑን ለ20 ደቂቃ ያህል አርሱት፤ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባና ስፌቱን በጣቱ እየዳበሰ ይከተል። ውሃው መጀመሪያ የሚታየው እንደ ላብ ነው፤ መርፌ በወጋው ቀዳዳ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠብታ ትቋጠራለች፣ ከጎረቤቷ ጋር ትያያዝና ክሩን ተከትላ ትወርዳለች። ቦታውን ምልክት አድርጉበት፤ ሲደርቅ ከውስጥ በኩል የስፌት ማሸጊያ ቀቡት። ከወለሉ ሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ከድንኳኑ በየጎኑ 5 ሳንቲሜትር ያህል ይነስ፤ ወደ ውጭ ከወጣ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ ከሥራችሁ ያቁረዋል።

ቦታው

ባለቤት የሌለው የሚመስል መሬት ሁሉ ባለቤት አለው። ቃርሚያው የተነሳ ማሳም ቢሆን፣ የወል ግጦሽም ቢሆን፣ ለቀበሌውና ለአካባቢው ሽማግሌ ሳትነግሩ አትትከሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሆነ ካህናቱን አስፈቅዱ። ከመንደሩ ሰው አንድ ጥበቃ መቅጠር የልብ ዕረፍት ይሰጣል፤ ውሻውም ጅቡም የሚያውቀው እሱን ነው።

አርሶ አደር ውርጭ መጀመሪያ የሚመታው የረባዳውን ሰብል መሆኑን ያውቃል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል። ስለዚህ ለምለሙን የረባዳ መስክ ትታችሁ 10 ወይም 20 ሜትር ከፍ ያለውን ለጥ ያለ ቦታ ምረጡ፤ የድንኳኑን ደጅም ንፋስ ከሚመጣበት አዙሩት። ከባሕር ዛፍ ሥር አትትከሉ፤ ቅርንጫፉ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወድቃል። ጣና ዳር ከሆነ ከውኃው ጠርዝ ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ፤ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፣ የተረገጠ መንገዱም ላይ መቆም አይገባም። ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆች ጣና ዳር አይዋኙ። ዘንገና ደግሞ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ጥልቀቱ ከ150 ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው፤ ዳሩ ድንገት ስለሚገደል ልጅ ያለ አዋቂ አይጠጋው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ድረሱ። 12 ሰዓት ላይ ይመሻል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተክል ቤተሰብ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጅበታል።

መኝታ፣ ውሃና ምግብ

ብርድ ከላይ ከሚመጣው ከሥር የሚመጣው ይበልጣል። ሰውነት የተጫነው ብርድ ልብስ ይጨፈለቅና አየር መያዙን ይተዋል፤ ስለዚህ ላይ ሁለት ጋቢ ከመደረብ አንዱን ከሥር ማንጠፍ ይጠቅማል። 5 ሳንቲሜትር ስፖንጅ ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጸጉሩ ያልረገፈ አጎዛ ነው፤ ከሥሩ ሰሌን፣ በላዩ አንሶላ። ልጆችን መሀል አስተኙ፤ ከመተኛታቸው በፊት ካልሲያቸውን በደረቅ ቀይሩላቸው፣ ቀን የለበሱት ላብ አለበትና።

ለመጠጥና ለምግብ በሰው በቀን 4 ሊትር አስቡ፤ ለአምስት ሰው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየቀኑ ማለት ነው። ከቤት የያዛችሁት ካለቀ የምንጩን ውሃ አፍሉት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቁት።

ጥሩው ወቅት ከገና ጾም ጋር መገጣጠሙ በረከት ነው። የጾም ምግብ ቶሎ አይበላሽም፤ ሥጋና ቅቤም ስለሌለበት በጠረኑ ጅብ አይጠራም። ቁሌቱን ቤት ውስጥ ውሃው እስኪመጥ አብስላችሁ በክዳን ዕቃ ያዙ። ድርቆሽ በሰው ሁለት እፍኝ ይበቃል፤ ቁሌቱን አሙቆ ትንሽ ውሃ ጨምሮ ድርቆሹን መጣል ነው፣ ቁርስ በ10 ደቂቃ ይደርሳል። ሽሮውን ለየምግቡ ለክታችሁ በየላስቲኩ ቋጥሩት። በሶና ቆሎ ለመንገድ ይሁን። የተረፈ ምግብ ሁሉ፣ የልጆች ብስኩት ሳይቀር፣ መኪና ውስጥ ይደር እንጂ ድንኳን ውስጥ አይግባ። ለመጸዳጃ ከውሃ 70 እርምጃ ርቃችሁ 20 ሳንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍሩና ስትነሱ ድፈኑት።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው። ከሰል ድንኳን ውስጥ በምንም ምክንያት አይግባ። ላቀችም ይሁን ተራ ማንደጃ፣ ነበልባሉ ቢጠፋም፣ አመድ ቢለብስም፣ «ለሙቀት ብቻ» ቢባልም አይግባ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጭስ የለውም፣ ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ሕፃን ደግሞ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቀድሞ ይጎዳል። ቡናው ደጅ ይፈላ፤ ማንደጃው ከድንኳኑ 5 ሜትር ይራቅ፤ ከመኝታ በፊት ፍሙ ውሃ ተደፍቶበት በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆኑ ይረጋገጥ። ሌሊት የሚበርደው ልጅ ካለ የሞቀ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግሩ ሥር አድርጉለት።

ጠዋት ድንኳኑን ፀሐይ ሳትነካው አትጠቅልሉት። ሽፋኑን አውልቃችሁ የውስጥ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሩት፤ ችኮላ ካለ እርጥቡን ጠቅልላችሁ ቤት እንደደረሳችሁ በዚያው ቀን ገመድ ላይ ስጡት። በእርጥቡ የከረመ ድንኳን ይሻግታል፤ ውሃ የሚከለክለው ቅባትም እየተላጠ ይወርዳል። የዚፑን ጥርስ ከአቧራ በብሩሽ ጥረጉ፤ አልሄድ ካለ በጧፍ አሹት፣ ሰሙ ያለሰልሰዋል።