ከብቅል ሽሮፕ እቤት ለመስራት (ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው)

ኢንዛይም ሲባል ፋብሪካና ነጭ ጋዋን የሚታየው ሰው ብዙ ነው፣ ግን ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ኢንዛይም አለ፣ ብቅሉ ውስጥ። ገብስ ሲበቅል አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያዘጋጃል፣ ስታርቹን ቆራርጦ ስኳር የሚያደርግለት (ለራሱ ቡቃያ ቀለብ ብሎ ነው፣ እኛ ነን የምንቀማው)። በ1833 (በፈረንጆቹ) ሁለት ፈረንሳዮች፣ ፓየንና ፔርሶ፣ ከብቅል ለይተው ያወጡት ይሄንኑ ነበር።

የሚያስፈልገው ግማሽ ኪሎ የሩዝ ዱቄት፣ 100 ግራም የተፈጨ ብቅል፣ ውሃ፣ ቴርሞሜትር። ብቅሉ በፀሐይ የደረቀ ይሁን። አሻሮ አይሆንም፣ ሲቆላ ኢንዛይሙ ሞቷል፣ ውጪ ያላችሁም ማልት ስትገዙ ጠቆር ያለውን ተዉት። ሻጋታ ያለበት ብቅል ደግሞ በቃ ይጣል፣ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ቢፈላም አይጠፋም።

ሩዙን በ1 ሊትር ተኩል ውሃ እንደ አጥሚት አብስሉት፣ ስታርቹ ካላበጠ ኢንዛይሙ በደንብ አይደርስበትም። ከዛ ከእሳት አውርዱና ቀዝቃዛ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ እያማሰላችሁ 65 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ብቅሉን ጨምሩ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚበላሽበት፣ ቸኩሎ በትኩሱ ይጨምርና ከ80 በላይ ስለሆነ ኢንዛይሙ ወዲያው ይሞታል፣ ሲጠብቅ ቢውል ሙክ ሙኩ ነው። ልክ ከሆነ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ወፍራሙ እየቀጠነ ሲሄድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ እኔ ሁሌ ይገርመኛል።

ክዳኑን ገጥማችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉትና ከ60 እስከ 65 መሀል ሦስት አራት ሰዓት ይቆይ፣ ሲወርድ ትንሽ እሳት አሳዩት። ለብ ብሎ እንዲያድር ግን እንዳትተዉት፣ 35 ዲግሪ አካባቢ ባክቴሪያና እርሾ ይነሱና ስኳሩን እነሱ ይበሉታል፣ ይኮመጥጣል፣ ለጠላ አሪፍ ነው ለሽሮፕ ኪሳራ።

ማለቁን ለማወቅ አንድ ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ አድርጉና ሲቀዘቅዝ የፋርማሲ አዮዲን ጠብ አድርጉበት፣ ሰማያዊ ጥቁር ካለ ስታርች ቀርቷል፣ ካልጠቆረ አልቋል። (የተፈተነውን ድፉት፣ አትቅመሱት!)

ከዛ በነጠላ አጥልሉና ፈሳሹን ሰፋ ባለ ድስት አፍሉ፣ መጨረሻ ላይ እሳቱን ቀንሱ ያርራል። ማንኪያ ላይ ሲንጠለጠል ይበቃል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይወፍራል። የሚወጣው በአብዛኛው ማልቶስ የሚባል የስኳር ዓይነት ነው፣ ከተለመደው ስኳር ያነሰ ጣፋጭ፣ ለጾም ኩኪስና ዳቦ በማር ፋንታ ይሆናል። ከገብስ ስለሆነ ግሉተን የማይስማማው ይቅርበት፣ ስኳር ያለበት ሰውም ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ አይሸወድ።

ፋብሪካም ሎጂኩ ያው ነው፣ ኢንዛይሙ ግን ከማይክሮብ ይመጣል። ባሲለስ ከሚባለው ባክቴሪያ የሚወጣው አሚሌዝ ከ100 ዲግሪ በላይ ይችላል፣ ቀጥሎ አስፐርጊለስ ናይጀር ከሚባል ሻጋታ የወጣ ሌላ ኢንዛይም 60 ዲግሪ ላይ ግሉኮስ ያደርገዋል። እቤት ሻጋታ አርብቼ ልሞክር የሚል ካለ ይተወው፣ የትኛው ዘር እንደበቀለ በዓይን አይለይም።

ሽሮፑን በደረቅ ጠርሙስ ፍሪጅ አስቀምጡት፣ አተላውን ለዶሮ ስጡት።