የዋልታ አሳሽን ደብዳቤዎች እንዴት እናንብብ

አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የእንግሊዛዊውን የደቡብ ዋልታ አሳሽ የካፒቴን ሮበርት ስኮትን ደብዳቤዎች በኢንተርኔት ፈልጎ ለማንበብ የሚነሣ ሰው፣ አስቀድሞ የቀን ሰሌዳ ቢያዘጋጅ ይበጀዋል። በእኛ አቆጣጠር የስኮት ተፎካካሪ የነበረው ኖርዌያዊው አሳሽ አሙንድሰን ዋልታውን ቀድሞ የረገጠው ታኅሣሥ 4 ቀን 1904 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስኮት የደረሰው ጥር 8፣ በመልስ ጉዞው ከመሞቱ በፊት የመጨረሻ ማስታወሻውን የጻፈው መጋቢት 20፣ አስከሬኑና ደብዳቤዎቹ የተገኙት ደግሞ ኅዳር 3 ቀን 1905 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ደብዳቤ ለማን፣ የትና በምን ሁኔታ እንደተጻፈ እየጠየቁ ማንበብ ነው። አሙንድሰን ለኖርዌዩ ንጉሥ ለሰባተኛው ሆኮን የጻፈውን ደብዳቤ ዋልታው ላይ በተከለው ድንኳን ውስጥ ትቶ ስኮት እንዲያደርስለት አደራ ማለቱን እንደ ፌዝ የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን አሙንድሰን ራሱ በመንገድ ቢሞት የድሉ ማስረጃ እንዳይጠፋ ያደረገው ጥንቃቄ ይመስለኛል።

ስኮት ለሚስቱ ለካትሊን የጻፈውን ቀስ ብሎ ማንበብ ይገባል፤ ገና በሕይወት ሳለ «ለመበለቴ» ብሎ ይጀምርና፣ ብርዱ መጻፍ እንዳስቸገረው ገልጾ፣ ልጃቸው ስለ ተፈጥሮ የማወቅ ፍላጎት እንዲያድርበት እንድታደርግ ይጠይቃታል። ያ ሕፃን፣ ፒተር፣ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1961 የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድን ከመሠረቱት አንዱ ሆኗል።

ለሕዝብ የጻፈውን መልእክት በመጨረሻ ያቆዩት፤ ለጉዞው አሳዛኝ ፍጻሜ ጥፋቱን ወደ አየሩና ወደ ዕድል የሚያዘነብል ጽሑፍ ስለሆነ ከዕለት ማስታወሻው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።